ኅዳር በጎንደር፦ ከበአታ እስከ ሥላሴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን አዘዞ ሲያርፍ ገና ረፋድ ነበር። ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ለብሷል፤ የቀደመው ታጭዶ ተከምሯል። ብዙ ሰው ጎንደር የሚመጣው ለጥምቀት ነው፤ እኔ ኅዳርን መረጥኩ። በዚህ ሳምንት ወርኃ ጽጌ ይፈጸማል፣ ቁስቋም ማርያም ትነግሣለች፣ በማግስቱ ደግሞ የሥላሴ ወርኃዊ በዓል እሑድ ላይ ይውላል።

የመጣሁት ጥያቄ ይዤ ነው። በጽዋ ማኅበራችን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። በበዓል፣ በጉባኤ፣ በገዳም ጉዞ ልባችን ይሞቃል፤ ሰኞ መጥቶ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ክፍያ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የጎረቤት አዲስ መኪና ሲደራረብብን ያ ሙቀት ወዴት ይሄዳል? አንዷ እህታችን ‹‹እምነቱስ አልጠፋኝም፤ ያቃተኝ ‘ይበቃኛል’ ማለቱ ነው›› ብላ ነበር። መልሱን ከመድረክ ሳይሆን ከሰው ኑሮ ማየት ስለፈለግሁ ወደ እትዬ መጣሁ።

እትዬ የእናቴ ታላቅ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። ባላቸውንም፣ የበኩር ልጃቸውንም ቀብረዋል። ሲያማርሩ ግን ሰምቻቸው አላውቅም።

ደጅ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ‹‹እሰይ ልጄ፣ እንኳን በደህና ገባሽ! እናትሽ ደህና ናት? ልጆቹስ?›› እያሉ ጉንጬን ስመው አልጠግብ አሉ። ሽሮና ጎመን ቀረበ። እትዬ የጽጌን ጾም ይጾማሉ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን የፈቃድ ጾም ነው፤ ያልጾመውን የሚጠይቀው የለም። ‹‹ጉልበት እስካለኝ ልጹመው ብዬ ነው›› አሉኝ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ዘመድ ዞረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እትዬ ተነሡ። የሚቀሰቅሳቸው ደወል የለም። ፊታቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ ወደ ሥዕሉ ዞረው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ‹‹ትመጫለሽ ወይስ ትተኛለሽ?›› አሉኝ። ብቀርም ቅር እንደማይላቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። ተከተልኳቸው።

ወር በገባ በ3 በአታ ለማርያም ናት፤ እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት መታሰቢያ። የጎንደር በአታ ደግሞ በመላ አገሪቱ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበው ዜማ፣ ምስክር ቤት ናት። ድጓ፣ የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማረ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ሄዶ እንደሚያስመሰክር፣ አቋቋም የተማረም እዚህ መጥቶ ካላስመሰከረ ትምህርቱ ሞላ አይባልም።

ኪዳኑ ሲደረስ ጨለማው ገና አልለቀቀም። ሰዉ ብዙ አይደለም፤ አንድ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት፣ ወደ ሥራ የሚሄድ የሚመስል ቦርሳ ያነገተ ወጣት፣ ከእትዬ ጋር በየቀኑ ግንቡ ሥር የሚቆሙ ሴቶች። እንባ የሚያፈስ፣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ አላየሁም። ካህኑ ይላሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል፣ ይሰግዳል። ሲያልቅ መስቀል ተሳልመው ይበተናሉ፤ አንዷ ጉሊት ልትዘረጋ፣ አንዷ እንጀራ ልትጋግር። እትዬ ይህን ከሠላሳ ዓመት በላይ አድርገውታል። ‹‹ልብዎ ሳይነካ፣ እንዲሁ ቆመው የተመለሱበት ቀን የለም?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹ሞልቶ!›› አሉኝ፤ ‹‹ልቤ ባይመጣም እግሬ ይምጣ ብዬ እመጣለሁ። አንድ ቀን ልቤም ተከትሎ ይደርሳል።››

እሳቸው ወደ ቤት ሲመለሱ እኔ ከተማሪዎቹ ዘንድ ቀረሁ። የአቋቋም ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ሠርተው መቋሚያቸውን እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ያወርዳሉ። የአንዱ እጅ ከጣት ስፋት በማይበልጥ ሲዘገይ የኔታ አስቆሟቸው። እንደገና ከመጀመሪያው። አሁንም አስቆሟቸው። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ዝማሜው ሲገጥም ማንም አላጨበጨበም፤ ወደሚቀጥለው አለፉ።

ከበለሳ የመጣ አንድ ተማሪ ጎጆው ደጅ ተቀምጦ አነጋገረኝ። አራተኛ ዓመቱ ነው። ‹‹እንዴት ነው የማትቸኩለው?›› አልኩት። ‹‹የተሰጠኝ ቀለም ሳይያዝ የኔታ ሌላ አይሰጡኝም፤ ቢሰጡኝም ይፈሳል›› አለኝ። ከቀትር በኋላ አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ጨብጦ ቀፈፋ ይወጣል። ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ይላል፤ ቁራሽ የሚሰጠው አለ፣ ‹‹እግዜር ይስጥህ›› ብሎ የሚሸኘውም አለ።

‹‹ባዶ እጅህን የተመለስክ ቀንስ?››

‹‹ጓደኛዬ ያመጣውን እንበላለን። እሱ ያጣ ቀን ደግሞ እኔ አመጣለሁ። ሁለታችንም ያጣን ቀን ውኃ ጠጥተን ቀለማችንን እንቀጽላለን።›› እንዳዝንለት አልነበረም የተናገረው። የዕለቱን ውሎ እየነገረኝ ነው።

የኔታ ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ ትንሽ ዝም አሉ። ‹‹ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ። ‘የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ’ ይላል። ሐዋርያው እንኳ ተምሮት ነው። ይህ ልጅ አንዷን ዜማ ስንት ሌሊት ይመላለስባታል? እናንተ የከተማ ሰዎች በአንድ ጉባኤ ልትይዙት ትፈልጋላችሁ፤ ሳትይዙት ስትቀሩ ደግሞ እምነታችን ቀዘቀዘ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።››

ይህን ቃል ማታ ደብተሬ ላይ ሳሰፍር ብዙ ነገር ተፈታልኝ። ይበቃኛል ማለትን የተፈጥሮ ጠባይ አድርገን ስናየው ያለው ያለው ይመስለናል፣ የሌለው ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። ትምህርት ከሆነ ግን ጀማሪ አለው፣ የሚሳሳት አለው፣ መምህር አለው፣ ክለሳ አለው። ጳውሎስም የሚዘረዝረው መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ነው። ሁለቱም ወገን ይማሩታል ማለት ነው፤ ያጣ ብቻ ሳይሆን ያገኘም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጠዋት የፋሲል ግቢን ጎበኘሁ። በ900 ሜትር አጥር ውስጥ የፋሲል፣ የልጃቸው የዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች ይታያሉ። ከዩኔስኮ መዝገብ የገባው በፈረንጆቹ 1979 ነው። ስለ ሕንፃው ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ በአባቱ ግንብ መኖር የበቃው ንጉሥ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሌላ አቆመ።

ከሰዓት ከእትዬ ጋር ዋልኩ። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በሰፌድ ተቀምጧል። እትዬ አመልማሎውን በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ በቀኛቸው እንዝርቱን አሹረው ይለቁታል፤ ከጣታቸው መካከል ክሩ እየቀጠነ ይወጣል። ወፈር ሲል ያውቁታል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ያያል። ሲበጠስ በምራቅ አርሰው ጫፉን ከጫፉ አገናኝተው ይቀጥላሉ። ከንፈራቸው አያርፍም፤ የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። ክሩ ሲበጠስ ጸሎቱ አይቋረጥም፤ እንግዳ መጥቶ ጸሎቱ ሲቋረጥም እንዝርቱ አያርፍም።

ከመሶቡ አጠገብ ብዙ ልቃቂት ተከማችቷል። ለሸማኔ የሚሸጥ መስሎኝ ነበር። ‹‹የለም፣ ይኸ የራሴ ነው›› አሉኝ፤ ‹‹ለታኅሣሥ በአታ አዲስ ነጠላ ላሠራ ብዬ ከሰኔ ጀምሬ የፈተልኩት።›› የለበሱት ነጠላ ጥበቡ ደብዝዟል፣ ጠርዙም ሁለት ቦታ ተጥፏል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ለዋዜማው ወደ ቁስቋም በባጃጅ ወጣን። ባለ ባጃጁ ወጣት ነው፤ ከመሪው በላይ ‹‹ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ›› የሚል ለጥፏል። ቤንዚን የሚጠፋበት ቀን እንደሚበዛ፣ ሁለተኛ ልጁ በቅርቡ እንደተወለደች አጫወተን። ጥቅሱን ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት። ‹‹ሰልፍ ይዤ ሳድር አነበዋለሁ›› አለኝ።

ይህን ጥቅስ በየታክሲው፣ በየሱቁ፣ በየፈተናው ዋዜማ እናየዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸንፋለሁ፣ አገኛለሁ፣ እበልጣለሁ በሚል ስሜት ነው። ከእርሱ በፊት ያለችውን ቁጥር ግን ብዙ ሰው አይለጥፋትም፤ የመራብና የመጥገብ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ሐዋርያው ‹‹ሁሉን እችላለሁ›› ያለው ማጣትንም ማግኘትንም ክርስቶስን ሳልለቅ እችላቸዋለሁ ሲል ነው። ሌሊቱን ለቤንዚን ተሰልፎ የሚያነበው ያ ወጣት ጥቅሱን ከብዙ ሰባኪ በተሻለ ቦታው አስቀምጦታል ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ በድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ይለያሉ። እቴጌይቱ ባላቸውን በካፋን ቀበሩ፤ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን ቀበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በፈረንጆቹ 1769 ራስ ሚካኤል ስሑል በሥልጣን ላይ ሳሉ ሲገደል በሕይወት ነበሩ። ዘውዱም ቤተ መንግሥቱም ይህን አልከለከለላቸውም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲ ጦር፣ ጎንደር ሲገባ ቁስቋምም ተቃጠለች። ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቶ በየዓመቱ ሰው ይሞላዋል። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን ስናድር ደጋግሞ ያሰብኩት ይህን ነበር።

ስለ ማኅሌቱ ብዙ ለመጻፍ ቃል ያጥረኛል። የወርኃ ጽጌ መጨረሻ ነው፤ ሊቃውንቱ ስለ ጌታችንና ስለ እመቤታችን ስደት የሚተርከውን ሰቆቃ በወረብ ሲያነሡት ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጸናጽሉ ይከተለዋል። ረቡዕ ዕለት በበአታ ያየሁት ያ መዘግየት፣ ያ ‹‹እንደገና›› ለዚህ ኖሯል። በአንድ ጊዜ ከሚዞረው ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና ወጣት ውስጥ ማን መቼ እንደተማረ አይለይም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ታቦቱ ሲወጣ ዕልልታው ኮረብታውን ሞላው። የዛሬው በዓል የሚያስበው ቅድስት ቤተሰብ በግብፅ ስደት ሳሉ ያረፉበትን የቁስቋምን ተራራ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ዮሴፍ ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንደሸሸ እናነባለን፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ያ የስደት ኑሮ ውኃ የመጠየቅ፣ ከደጅ የመመለስ፣ በሰው አገር የማደር ኑሮ ነው።

ከግንቡ ጥግ ሁለት ልጆች ያቀፈች እናት ተቀምጣለች። ግጭቱ ከቤቷ አፈናቅሏት የመጣች ናት። እትዬ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ትንሹ ልጅ በስስ ሹራብ ነው ያለው፤ እሷም ትከሻዋ ላይ ያለው ሻርፕ ከብርድ የሚያድን አይደለም። ‹‹ሌሊቱ እንዴት ነው?›› አሏት እትዬ። ‹‹ይከብዳል እናቴ›› አለች፤ ‹‹ግን እመቤቴም ተሰዳለች። ይኸን ሳስብ ብቻዬን አይደለሁም።››

እዚህ ላይ ጥያቄዬ ራሱ ተፈተነ። ለዚህች ሴት ሄጄ ‹‹ያለሽ ይብቃሽ›› ልላት እችላለሁ? በጭራሽ። ይህን ቃል ጠግቦ ያደረ ሰው ለተራበው ሲናገረው ጭካኔ ይሆናል፤ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ደመወዝ ለሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ፍትሕ ለሚጠይቅ ድሃ። ‹‹ይበቃኛል›› ስለ ራሴ የምናገረው ቃል ነው። ስለ ባልንጀራዬ ስናገር ‹‹አልበቃውም›› ማለት አለብኝ። ጳውሎስም በዚያው መልእክቱ ኑሮዬ ይበቃኛል ካለ በኋላ፣ በመከራው የተካፈሉትን የፊልጵስዩስ ሰዎች መልካም አደረጋችሁ ይላቸዋል። መርዳታችሁ ትርፍ ነው አላላቸውም።

እትዬ ይህን ሁሉ አልተነተኑም። የት እንዳደረች፣ ማን ምን እንደሚሰጣት፣ ልጇ ሳል እንዳለበት ጠየቋት። ሲነሡ ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጧትን አላየሁም፤ እንዳላይ ዞረው ነው የሰጧት።

ማታ የጾሙ መፍቻ ዶሮ ቀረበ፤ የጎረቤት ልጆችም መጡ። እትዬ ዛሬ እንዝርት አልነኩም። በዓል ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተተከለች ናት፤ በአጥሩ ላይ ያሉት ዐሥራ ሁለት ግንቦች የሐዋርያት፣ ትልቁ የበሩ ግንብ የጌታ ምሳሌ ናቸው ይባላል። ድርቡሽ የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህች ተርፋለች፤ የጎንደር ሰው ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይላል። ጣሪያው ላይ መላእክቱ ሁሉ ዓይናቸውን ገልጠው ይመለከታሉ። ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው በየትኛውም ጥግ ቢቆም የሚያየው ፊት አያጣም።

ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ቤት ገባን። ተረኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዳቦዋ ከሌላው ጊዜ አነስ ብሎ ነው የመጣው መሰለኝ፤ ጠላውም ቶሎ አለቀ። ማንም ምንም አላለም። አንድ አዛውንት ተነሥተው መረቋት፦ ‹‹ቤትሽ አይጉደል፣ ልጆችሽ ይደጉ፣ ለከርሞ እንዲህ ያድርሰን።›› አሜን ተባለ። ከዚያ አንዲት ሴት ቀጣዩን ተራ እኔ አግዝሻለሁ ስትላት ሰማሁ፤ በሹክሹክታ ነው፤ ተረኛዋ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። የእምነት መጽናት ምን እንደሚመስል ቢጠይቁኝ ይህን ክፍል አሳያለሁ። ዳቦ በየተራ የሚዞርበት ቤት ውስጥ ማን እንደጎደለበት ሳይናገር ይታወቃል፤ የቀረ ሰው ሲኖር ‹‹ምነው ታመመ?›› ብሎ የሚሄድ አለ። ብቻውን የሚጸና ሰው ይኖር ይሆናል፤ እዚህ ያየኋቸው ግን እርስ በርስ ተያይዘው ነው የጸኑት። እኛ ከተማ ላይ ሥራ በዛ፣ መንገድ ራቀ እያልን ሰንበቴውንና ማኅበሩን መጀመሪያ እንተዋለን፤ ኋላ ብቻችንን ቀርተን ጸሎት አልሆን አለን እንላለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በረራዬ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ከኪዳን በኋላ እትዬን ተከትዬ ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ። ልቃቂቱን በነጠላ ቋጥረው ተሸክመውታል።

ሸማኔው ከጉድጓዱ ሳይወጣ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። አንዷን ልቃቂት ፈትቶ በጣቱ መካከል ሳባት። ‹‹ጥሩ ድር ነው እማማ። ነጠላዎ ያምራል።››

‹‹ነጠላው ይቅር›› አሉት። ‹‹ጋቢ አድርግልኝ።››

‹‹ለጋቢ ማጉ ወፈር ያለ መሆን አለበት።››

‹‹ማጉን እስከ ሐሙስ ፈትዬ አመጣልሃለሁ። ድሩን በዚህ ጀምር።››

‹‹የበአታውስ?›› አላቸው፤ እሱም ያውቃል ማለት ነው።

‹‹ይኸው ለብሻለሁ እኮ›› አሉና የተጣፈውን ጠርዝ ወደ ትከሻቸው መለሱት። ‹‹አንተ ብቻ ብርዱ ሳይጠና አድርስልኝ።››

ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ቁመቷን ብቻ ጠየቀ። እትዬ ትከሻዬን ይዘው ወደ እሱ አዞሩኝና ‹‹ከዚህች ትንሽ አጠር ትላለች፤ ግን ልጅ ታዝልበታለች፣ ሰፋ አድርገው›› አሉት።